ወይዘሮ ከስንቱ እና የአልጋ ስር መሳቢያ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሰው ሁሉ ተስማምቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ ስብሰባውን እንደ አዲስ የሚያስጀምር አንድ ፍጡር አይጠፋም። የእኛ አልጋ ፋብሪካ ይህን ጸጋ ያገኘው በሽያጭ መረጃ ኃላፊዋ ነው። ክብርት ኃላፊያችን በትምህርታቸው የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ በቅጽል ስማቸው ወይዘሮ ከስንቱ ናቸው። ሥራቸው በየአልጋው ዓይነት ደንበኛ ምን ተጨማሪ ነገር እንደመረጠ ማስላት ነው፤ ከእግሩ ስር የሚገባ ጎማ፣ የተለበጠ ራስጌ፣ የአልጋ ስር መሳቢያ። የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ደግሞ እኛን በጥያቄ ማድረቅ ነው።

ጥበቃው “ዘንድሮ ሰው ሁሉ ያረፍዳል” ሲል “ከስንቱ ስንቱ?” ይሉታል። የወንድማቸው ልጅ ስታገባ ሙሽራው “እንዳንቺ ያለች የለችም” ቢላት፣ “ስንቷን አይተህ ነው?” ብለው ዘመድ አዝማዱን አስደንግጠዋል አሉ። ምሳ የምትሠራልን ሴትዮም አንድ ቀን “ሾርባዬን ሁሉም ይወስደዋል” ብላ ተኩራራች።

“ሌላ ምግብ ባለበት ቀን ነው ወይስ ሾርባ ብቻ ባለበት?”

ሴትዮዋ ሳምንቱን ሙሉ ጭልፋዋን እየወረወረች አስተናገደችን። እኔ የመሳቢያ ክፍል አናጢዎች አለቃ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር እሳቸው በአንድ በር ሲገቡ በሌላው የምወጣ ሰው ነበርኩ።

ከዚያ የዓመቱ ስብሰባ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ተነሱና ክፍሌን በአንድ ትንፋሽ ቀበሩት። “ከሸጥነው መቶ አልጋ ስምንቱ ብቻ ነው መሳቢያ ያለው። ሰው መሳቢያ አይፈልግም። ክፍሉ ይዘጋ፣ አናጢዎቹም ይሰናበቱ።”

ሁሉም በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ለባልደረቦቼ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ሳስብ ያ የታወቀ ድምፅ ከጥግ ተሰማ።

“ስምንቱ ከየትኛው መቶ ነው?”

“ከሸጥነው ነዋ!” አሉ ሥራ አስኪያጁ።

“ከመቶው ዘጠናው ትልቁ አልጋ ነው። እግሩ አጭር ስለሆነ መሳቢያ አይገባበትም፤ ለገዢውም አቅርበንለት አናውቅም። ያልቀረበለት ሰው አልፈልግም አለ ይባላል እንዴ? መሳቢያ መምረጥ የሚችሉት ትንሹን አልጋ የገዙት አሥሩ ናቸው። ከአሥሩ ስምንቱ መርጠዋል። ከምንሸጠው ተጨማሪ ነገር ሁሉ እንደ መሳቢያ የሚፈለግ የለም።”

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“የትልቁን አልጋ እግር ማስረዘም ይቻላል?”

“አራት ጣት ይበቃዋል!” አልኩ፣ ጥያቄው ሳያልቅ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁ ቀጥሎ ጭብጨባ መጣ፤ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው አጨበጨቡ።

ትልቁ አልጋ በረዘመ እግሩ ገበያ ወጣ። መሳቢያ አልደርስ ብሎን ተጨማሪ አናጢዎች ቀጠርን። ክፍሉ ተማክሮ ለወይዘሮ ከስንቱ ባለመሳቢያ አልጋ ሠራና ተሸክመን ቤታቸው ሄድን። እሳቸውም ዞረው ዞረው አዩት፤ መሳቢያውን ሳቡት፣ መለሱት።

“ሽያጭ ነው ስጦታ?”

“ስጦታ ነው።”

“እንግዲያው ስሌቴ ውስጥ አይገባም” አሉና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ድምፃቸው ለስለስ አለ። “ያኔ ከስብሰባው በፊት እህል አልቀመስኩም። ስሌቱን ደጋግሜ ሠራሁት። ውጤቱ በእናንተ ላይ ቢወጣም እኮ እናገረው ነበር። እናንተን በምን ዓይኔ አያለሁ እያልኩ ስጨነቅ ነበር።”

እኔም አለቃ ነኝና አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ከሰው ሁሉ ፊት “እንዴት እንደምወድዎት አያውቁም” አልኳቸው። ከአናጢዎቼ አንድም የሳቀብኝ የለም።