የጋሼ ግርማ ቆርቆሮ

አጥሩን የሚያስረዝም ሰው ምን የሚደብቅ ይመስላችኋል? እኔ ልንገራችሁ፤ ምንም! ብቻቸውን ከሚኖሩት ጡረተኛ መምህር ከጋሼ ግርማ ጋር መቱ ውስጥ አጥር ለአጥር ስንኖር ዘመናት አልፈዋል። ጓሯቸው ውስጥ ያለው ጎደሬ፣ የተሰጣ ቡናና ገመድ ላይ የሚወዛወዝ ፒጃማቸው ነው። ይህን ለማየት ማን ይጋፋል?

እሳቸው ግን «ዓይን በዛብኝ» ብለው በቆርቆሮው ላይ ሌላ ቆርቆሮ አስመቱ። ከዚያ ወዲህ ጓሯቸውን የሚያየው ዛፍ ላይ ያለ ጉሬዛ ብቻ ሆነ።

የመቱ ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ደመና ቀድሞ ያየ ሰው በአጥር ላይ «ቡናችሁ!» ብሎ ይጮኻል። ባለቤቱ ከሌለ ዘሎ ገብቶ ያነሳለታል።

አንድ ቀን ጋሼ ለቅሶ ለመድረስ ሁሩሙ እንደሄዱ ዝናቡ ወረደ። እኔና በወዲያ በኩል ያሉት ጎረቤታቸው እትዬ ዘሀራ የሰፈሩን ቡና ስንሰበስብ ዋልን። የጋሼ ቡና መሰጣቱን በምን እንወቅ? ሲመለሱ ቡናቸው ጎርፍ ላይ ሲዋኝ አገኙት።

«ሰው እንዴት ዝም ይላል?» ብለው ጋሼ በእትዬ ዘሀራ ደጅ ላይ ጮኹ።

«ኤጋ እንግዲህ ጋሼ፣ እንዳናይ አይደል እንዴ ያጠሩት?» አሏቸው እትዬ ዘሀራ ረጋ ብለው።

አጥሩን ዝቅ አደረጉ? የለም፣ ኩራታቸውስ! በማግስቱ በእትዬ ዘሀራ በኩል ቆርቆሮውን ቀደው ፊት የምታህል መስኮት አበጁ። አሁን በየጠዋቱ በመስኮቷ ብቅ ብለው ይቆጣሉ፦

«እትዬ ዘሀራ፣ ዛሬ እኮ አላዩኝም!»