የእህተማርያም እግር ለምን ከበደ?

[ሆሳዕና፣ በደርግ ዘመን፣ ወርኃ መጋቢት። ከመናኸሪያው በላይ ባለው ሜዳ ልጃገረዶች በኃይል ይሮጣሉ፣ ያርፋሉ፣ ደግሞ ይሮጣሉ። አሰልጣኙ መምህር ቸኮል ፊሽካውን ከረዳቱ ከጴጥሮስ አፍ ይነጥቃል።]

ቸኮል፦ ምን ያጣድፍሃል? ገና መች አረፉ!

ጴጥሮስ፦ እነሱስ አርፈዋል መምህር። ትንፋሽ ያጠረኝ እኔ ነኝ።

ቸኮል፦ ይሄ ሳይንስ ነው! በኃይል መሮጥ፣ ማረፍ፣ እንደገና መሮጥ። ታዲያ ሁሉም አካል እኩል አይቀበለውም፤ በብሔረሰብ ይለያያል።

ጴጥሮስ፦ ብሔረሰብ ሳንባ ውስጥም ይገባል እንዴ?

ቸኮል፦ እንዴታ! ጵርስቅላን እያት፤ ሐዲያ ናት፣ ፍጥነቷ በየሳምንቱ ጨመረ። የእኔዋ እህተማርያም ግን የሰሜን ደም ነው ያላት፤ ወደ ኋላ ቀረች።

ጴጥሮስ፦ ወደ ሰሜን አዙረን ብናሮጣትስ?

ቸኮል፦ አቤት ድንቁርና! ለቅዳሜው ውድድር ከቡድኑ ወጥታለች፣ አለቀ።

ጴጥሮስ፦ የገዛ ልጅዎን?

ቸኮል፦ አብዮት ዘመድ አያውቅም!

ጴጥሮስ፦ [ሣሩ ላይ ተቀምጣ የምታለቅሰውን እህተማርያምን እያየ] በጥር ሁሉንም ትቀድም የነበረው ታዲያ በማን ደም ነው?

ቸኮል፦ በጥር... በጥር አየሩ ሌላ ነው!

ጴጥሮስ፦ ታሳዝናለች። ቆጮ ይዣለሁ፣ አይብም አለው፤ ልስጣት?

ቸኮል፦ [ደንግጦ እጁን እየያዘ] እንዳትሞክራት! ሁዳዴ ነው!

ጴጥሮስ፦ [ጮክ ብሎ] ሳይንስም ይጾማል እንዴ?

ቸኮል፦ ቀስ በል አንተ ሰው! ካድሬው ከአጥሩ ማዶ ቆሟል። ትናንት ጾም ኋላ ቀርነት ነው ብዬ የተናገርኩት እሱ ፊት ነው።

ጴጥሮስ፦ እሺ... ስንት ሰዓት ነው የምትበላው?

ቸኮል፦ ዘጠኝ ሰዓት። እናቷ ትብላ ብትልም እኔ አልፈቅድም።

ጴጥሮስ፦ ጵርስቅላ እኮ ቁርሷን ጥግብ ብላ ነው የምትመጣው።

ቸኮል፦ [ወደ አጥሩ እያየ ላቡን ይጠርጋል።]

ጴጥሮስ፦ እንግዲህ ካድሬው ቢጠይቀኝ ምን ልበለው? ልጅቷ የወጣችው በደሟ ነው ወይስ በአባቷ?

ቸኮል፦ አልወጣችም! ሳይንሱ ተሻሽሏል በለው!

ጴጥሮስ፦ [ቆጮውን ከፌስታል እያወጣ] የተሻሻለው ከዛሬ ጀምሮ ነው ወይስ ከፋሲካ በኋላ?