የእትዬ ዘነቡ ካርቶን

ለሚመጣው ሁሉ አስቀድሞ የተዘጋጀ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ዶሃ፣ ናጅማ ሰፈር በደባልነት የምንኖርበት ቤት ውስጥ አንድ አሉን፤ እትዬ ዘነቡ ይባላሉ። ከኮሮና ወዲህ አልጋቸው ሥር አንድ ካርቶን ማስክ እንደታሸገ ተቀምጧል። አንድ ይስጡን ስንላቸው «ለክፉ ቀን ነው» ይሉናል።

ባለፈው ዓርብ ክፉው ቀን የመጣ መሰለን። ሙዓይዘር ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ የምትሠራው ደባላችን ሰናይት ለዕረፍቷ መጥታ ምንጣፍ ስታራግፍ ሦስት ጊዜ አስነጠሳት። እትዬ ዘነቡ ወዲያው ትንሿን ክፍል አስለቅቀው አስገቧት። «ኸላስ፣ በቃ፣ ማንም እንዳይጠጋት። ነገ እያስነጠሳት ብትሄድ ማዳሟ ታባርራታለች» አሉ።

ጥሩ ሥርዓት ነው። ግን ሰናይት ታማለች ተብሎ እየተወራ ማን ቤቱ ይቀመጣል? የጸሎት ኅብረቷ እህቶች ብርቱካን ይዘው ደረሱ። ጓደኛዋ ዘይነባም ከአል ነስር ሰፈር ሾርባ ይዛ መጣች። ጠያቂ መመለስ ነውር ነውና እትዬ ዘነቡ በተራ አስገቡን። ካርቶኑን ግን አልከፈቱም፤ የራሳቸውን አንድ ማስክ በሩ ላይ ሰቀሉልን። የወጣ እያወለቀ ለሚገባው ያቀብላል። ከፊቴ የነበረችው እህት ማስኩን ስትሰጠኝ «ጉንፋን ይዞኛል፤ ግን ሳልጠይቃት ብቀር ምን ትለኛለች?» አለችኝ። እኔስ ምን ልበላት? አደረግኩት።

ሰኞ ሰናይት ከማዳሟ ቤት እየሳለች የድምፅ መልእክት ላከችልን። «ማዳም ካልተሻለሽ ሌላ ሰው አመጣለሁ ብላኛለች። እባካችሁ፣ ልትጠይቁኝ እንዳትመጡ።»

እኛም ሁላችንም ታመን ተኝተናል። እትዬ ዘነቡን «አሁንስ ካርቶኑን ይክፈቱት» አልኳቸው። ሳሉ ጋብ ሲልላቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«የባሰ ቢመጣስ?»