ጣሪያው የገባበት በር

ሰው ሲያረጅ ያጥራል። ይህን ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም፤ እኔም ብዙ አልተማርኩም። የእኛ የዶርዜ ቤት ግን እንደ ሰው እንደሚያጥር ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ከቀርከሃ ተሠርቶ ዝሆን መስሎ ሲቆም፣ አናቱን አያለሁ ያለ ሰው ባርኔጣው ይወድቅበታል። ከዚያ ምስጥ ከሥር ይበላዋል፤ የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱም በሩም ዝቅ ይላል። በልጅነቴ አባቴ ቀና ብሎ የሚገባበት በር፣ ስጎለምስ ጎንበስ አስባለን። ዛሬማ ስግደት ሆኗል።

እማዬ የምትኖረው እዚያ ነበር። አጠገቡ ቆርቆሮ ቤት ሠራሁላት፤ መንደሩ ይይልኝ ብዬ በሩን ረጅምና ሰፊ አደረግሁት። እሷ ግን ንቅንቅ አልልም አለች። ክረምቱ እየመጣ ነው፣ አሮጌው ቤት ወደ ጎን አዘንብሏል፤ ተኝታ ቢወድቅባትስ እያልኩ ጸሎቴ ሁሉ እሱው ሆነ።

«እማዬ፣ እባክሽ ግቢልኝ።»

«እዚህ ዓይኔን ስከፍት የአባትህን እጅ ሥራ አያለሁ። ያንተ ጣሪያ ምን ያሳየኛል? ሚስማር!»

ልጄ ምሕረት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ የሰው ቤት ታሳምራለች፤ ዲዛይነር ይሏታል። የጥንቱን ከዘመናዊው ታጋባለች፤ የሸማኔያችንን ጥለት ለሶፋ፣ የእህል ቅርጫቱን ለመብራት። እኔ ደግሞ «ልጄ፣ እኛ ከጭስ ለመሸሽ ስንለፋ፣ አንቺ ጭስ የጠገበ ቀርከሃ ሳሎን ትሰቅያለሽ?» እያልኩ እቀልድባት ነበር። መጥታ ነገሩን ስትሰማ አሮጌውን ቤት ዞራ ዞራ አየችው።

«አባዬ፣ አያቴ ጣሪያዋን ትታ ካልገባች፣ ጣሪያው ይግባላ!»

ሳቅሁባት። ግን ቤት ተሸክሞ ማዛወር ለእኛ አገር ሰው ብርቅ አይደለም። ጎረቤት ተጠራ። ምስጥ ያልደረሰበት የቤቱ አናት ተቆረጠና በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ፣ በዚያ ባሰፋሁት በር ገባ። በሩ ለቁም ነገር የዋለው ያን ቀን ብቻ ነው።

ምሕረት ከእማዬ አልጋ በላይ ሰቀለችው፤ ውስጡ አምፖል አደረገችበት። ብርሃኑ በቀርከሃው ክፍተት እየሾለከ ግድግዳውን ጥለት አለበሰው። እማዬ ገብታ ወደ ላይ አየች።

«አንተም መጣህ?» አለች። ማንን እንደሆነ አልጠየቅናትም።

ተገላገልን ስንል ዞር ብላ በሩን አየች። «ይሄ ግን ሰው ያኮራል። ቀና ብሎ የገባ ለማን እጅ ይነሳል?»

ምሕረት አልተከራከረችም። ከላይ የቀርከሃ ሥራ አውርዳ በሩን ዝቅ፣ ጠበብ አደረገችው። ኩራቴ አብሮ አጠረ።

ቤቱን ሊባርኩ ቄሱ መጡ። ቁመታቸው ረጅም፣ ጥምጣማቸው ደግሞ ምርቃት፤ ግን ጎንበስ አሉና ምንም ሳይነካቸው ገቡ። እኔ ባለቤቱ ቀና ብዬ ተከተልኩ። ጓ!

እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና እስክታነባ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ የሰማሁት አባቴ በሕይወት ሳለ ነው።

«አባትህም ቤቱ ባጠረ ቁጥር እንዲሁ ነበር» አለች።

ቄሱ «በስመ አብ» ብለው ጀመሩ። እኔም አማተብሁ፤ እጄ እንደሆነ ቀድሞ ግንባሬ ላይ ነበር።