ከኮሜዲ የተማርነው እንግሊዝኛ

ቋንቋ የአስተማሪውን ጠባይ ይዞ ነው የሚገባው። ከወታደር የተማረ ሰው ሲለምን እንኳ ያዝዛል፤ ከገበያ የተማረ በሰላምታው ላይ ሳይቀር ይከራከራል። እኔ ዕብራይስጡን የለቀምኩት ቂርያት ጋት ከተማ፣ ፋብሪካ ውስጥ ስለሆነ፣ "አንሳ"፣ "ግፋ"፣ "ቶሎ በል" ማለት ላይ የሚደርስብኝ የለም። "ናፍቀሽኛል" በል ያላችሁኝ ቀን ግን ጉድ ፈላ! እንግሊዝኛውንስ ማን ያስተማረን ይመስላችኋል? ኮሜዲ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጣን ብዙም አልቆየን፤ የአክስቴ የወይዘሮ ጥሩነሽ ልጅ ሰለሞን ጸባ የሚሉት ጦር ሠራዊት ገብቶ፣ እዚያው ውትድርናው ላይ ሬቸል የምትባል ከእንግሊዝ አገር የመጣች አይሁዳዊት ወደደ። የአክስቴ ባል አባ ይርጋ ደስታቸው ወሰን አጣ። በእኛ ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ተሰብስቦ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጥራል፤ ዘመድ ብቅ ካለ ሠርጉ ቀረ ማለት ነው። አባ ይርጋ ለታላቁ ልጃቸው ሚስት ሲፈልጉ የቆጠሩበት ቤት ሁሉ ዘመድ እየሆነ አስቸግሯቸዋል። "የአሁኒቱንስ ብንቆጥር ብንቆጥር የት ተገናኝተን!" አሉ።

ችግሩ የልጅቱ እናት ነበሩ። ቤተሰቡን በዐይናቸው አይተው ሊወስኑ እንደሚመጡ ተነገረን፤ ሬቸልም እናቷ ካልመረቁ አላገባም ብላለች። ሬቸል ወይም ከእሷ እንግሊዝኛ የለመደው ሰለሞን ያስተርጉሙ ሲባል አክስቴ እምቢ አሉ። "ሙሽሮች በገዛ ጋብቻቸው አፍ ይሆናሉ? ነውር ነው! በራሴ አፍ ነው የምቀበላቸው" ብለው እኔን አስጠሩ። ቪዲዮ ማጫወቻ ያለኝ እኔ ነበርኩ።

ከሱቅ እየተከራየሁ የማመጣው የእንግሊዝኛ ኮሜዲ ሁሉ አንድ ሳሎን ውስጥ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ ነው። ከሥር የሚሮጠው የዕብራይስጥ ጽሑፍ እኛን አይጠብቅም፤ የመጀመሪያውን ቃል አንብበን ሳንጨርስ ሰውዬው በሩን ዘግቶ ወጥቷል። ስለዚህ በዐይን ተማርን። ወንበር ሲስቡ ምን ይላሉ፣ ሻይ ሲያቀርቡ ምን ይላሉ፣ ካሴቱን እያቆምን እየመለስን "ቼር"፣ "ቲ"፣ "ሲት ዳውን" አልን። አክስቴ "ሲት ዳውን"ን ድስት እያማሰሉ ሳይቀር ያነበንቡታል።

ግራ የገባቸው አንድ ነገር ነው። "እነዚያ የማይታዩት፣ የሚስቁት ሰዎች እነማን ናቸው?"

ደንብ አዋቂው አባ ይርጋ ጥቂት አሰቡበት። "ሥርዓታቸው ነው። ሰው ተናግሮ ዝም ሲል፣ ሰሚው ይስቃል። አያችሁ፣ አንዴም አላጎደሉም።"

"አቤት ሲያከባብሩ!" አሉ አክስቴ። እኔም ትክክል መሰለኝ። እናንተስ ብትሆኑ?

እናትየው መጡ። ወይዘሮ ሔለን ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ በሁለት እጃቸው የጨበጡ ሴት ናቸው። "ሲት ዳውን! ቲ!" ተባሉ። ስለ አውቶቡሱ መሰለኝ፣ አንድ ነገር ተናግረው ዝም ሲሉ ቤቱ በሳቅ አውካካ። እንግዳዋ ደነገጡ። ስለ ሙቀቱ ሲናገሩም ሳቅን። ቀስ በቀስ ፊታቸው ፈታ፣ ቦርሳውም መሬት ወረደ። ለካ ቀልድ ወዳድ ኖረው የሚስቅላቸው አጥተው ነው! ሰለሞንና ሬቸል እርስ በርስ ተያዩ፤ ግን ጨዋታ ሲደራ ማን ያቆማል?

ኋላ እንግዳዋ ልጃቸውን አየት አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩና ዝም አሉ። ሳቅን። አባ ይርጋማ ጉልበታቸውን እየመቱ ነው የሳቁት።

ሰለሞን ዘሎ ተነሣ። "ኧረ ዝም በሉ! 'ባሌ ይህን ቀን ሳያይ ሞተ' ነው ያሉት!"

እኛ የሬቸል አባት ቤት ሊጠብቁ እንግሊዝ አገር የቀሩ መስሎን ነበር። ሰለሞን መሞታቸውን ያውቃል፤ ያልነገረን እናቱ ለቅሶ ልድረስ ብለው የሬቸል ጦር ሰፈር በር ላይ እንዳይጮኹበት ፈርቶ ነው። "ሞተ" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃልስ ከየት እናምጣው? ኮሜዲ ውስጥ ሰው ይወድቃል፣ ይባረራል፣ ሚስቱ ልብሱን በመስኮት ትወረውርበታለች እንጂ አይሞትም። እንግዳዋ ወደ ቦርሳቸው እጃቸውን ሰደዱ። ሠርጉ አበቃለት አልኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አክስቴ ግን ወደ ሰለሞን ዞረው፣ "ስማቸው ማን ነበር?" አሉ።

"ዴቪድ።"

ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። "ዴቪድ ወንድሜ! ልጅህን ሳትድር! ቤቴን ሳታይ!" እያሉ ደረታቸውን መቱ። በእኛ ዘንድ ሞት ዓመት ቢያልፈውም ለሰሚው የዛሬ ነው። አባ ይርጋ ተነሥተው አነቡ። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ከላይም ከታችም እየገባ፣ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ አለቀሰ። አክስቴ ወይዘሮ ሔለንን አቀፏቸው፤ እኚያ ቀጥ ያሉ ሴት አክስቴ ትከሻ ላይ ተደፍተው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። እኔም በሐፍረት የጀመርኩትን ለቅሶ በእውነተኛ ኀዘን ጨረስኩት።

እንባው ጋብ ሲል ወይዘሮ ሔለን በሬቸል አስተርጓሚነት ተናገሩ፤ ሙሽራ አፍ መሆኗ ነውር መሆኑን ያስታወሰ አልነበረም። "ባሌ የሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ መጣ። በሹክሹክታ አጽናንቶኝ ሄደ። ስሙን ጠርቶ የጮኸለት ግን አልነበረም።" ከዚያ ፊታቸውን ጠረጉና፣ "ሠርጉ መቼ ነው?" አሉ።

አባ ይርጋ ዐይናቸው ሳይደርቅ ቀን ቆረጡ። ጎረቤትም ለለቅሶ መጥቶ፣ ሠርግ ተጠርቶ ወጣ።