«ልከናል» የማይዋጥላት ትርሲት

በየመሥሪያ ቤቱ «ልከናል» የሚለው ቃል የማይዋጥለት አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሠራተኛ ቃሉን ሲሰማ እፎይ ብሎ ወደ ሻዩ ይመለሳል። ያ ሰው ግን ወንበር ስቦ ይቀመጥና «በስንት ሰዓት? ማን ተቀበለ?» ይላል። ሞጣ እኔ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን በሆንኩበት ሆስፒታል ይህ ሰው ክብርት ወይዘሪት ትርሲት ነበረች፤ የኮምፒውተር ባለሙያችን። ክብርት የምላት እኔ ነኝ፤ በፊቷ ግን ደፍሬ ብያት አላውቅም።

አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ምሳ ልንበላ ገባን። ያዘዝነው ሽሮ ቀረ። እኔ እጄን ታጥቤ እየጠበቅሁ ነው። እሷ አስተናጋጇን ጠራች።

«ትዕዛዙን ለማን ሰጠሽ?»

«ለወጥ ቤት።»

«በአፍ ነው በወረቀት?»

«በወረቀት።»

ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ስትመለስ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላለች፤ መስኮቱ ላይ፣ ከጨው ዕቃ ሥር ተኝቶ ነው የተገኘው። እኔ እንደራበኝ ነኝ፤ እሷ ግን ፊቷ በርቶ በልታ የጠገበች ትመስል ነበር።

ልነግራችሁ ያሰብኩት ነገር ግን የሆነው በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ነው። ያኔ ብቸና ካለ አንድ ጤና ጣቢያ የአክታ ናሙና ጠዋት በሚኒባስ ይላክልን ነበር። የምርመራው ትዕዛዝ በኮምፒውተር ይመጣል፤ እኔ መርምሬ ውጤቱን በዚያው እመልሳለሁ። በመካከላችን ደግሞ ከሁለታችንም የሚቀበልና ለሁለታችንም የሚያስተላልፍ አንድ ሰርቨር አለ። ከዕለታት አንድ ቀን የብቸናዋ ነርስ ወይንእሸት ደወለች።

«ጋሼ በላቸው፣ የአቶ ባየ ውጤት እስካሁን አልደረሰንም። ሰውየው ሲመላለሱ ይኸው ሦስተኛቸው ነው።»

«ልከናል እኮ!» አልኩና የወረቀት መዝገቤን ገልጬ አነበብኩላት፤ የሳንባ ነቀርሳ የለባቸውም። አቶ ባየ ከጎኗ ሆነው ሲመርቁኝ በስልኩ ይሰማል። ለእኔ ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ።

ለትርሲት ግን ገና መጀመሩ ነበር። «የእሳቸው የታወቀው ስለተመላለሱ ነው። ቤታቸው ተቀምጠው የሚጠብቁትስ ስንት ናቸው?» አለችኝ።

ኮምፒውተር የሚሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጽፍበት «ሎግ» የሚባል መዝገብ አለው። ከሦስቱም ቦታ የአቶ ባየ ናሙና የተመረመረበትን ቀን አስመጥታ አተመችና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ጓንቴንም ብልቃጤንም ገፋ አድርጋ የአቶ ባየን መለያ ቁጥር በጣቷ መከተል ጀመረች።

«ብቸና፣ ስምንት ሰዓት ከአራት ደቂቃ፣ ትዕዛዙ ወጣ። ሰርቨሩ፣ ስምንት ከአምስት፣ ተቀበለ። እኛ ጋ... ሁለት ሰዓት ከስድስት?»

«ትክክል ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው የደረሰኝ» አልኩ በኩራት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ ሌሎቹ እኮ የሚቆጥሩት በፈረንጅ ሰዓት ነው! የእርስዎ ኮምፒውተር ብቻ በሐበሻ ይቆጥራል!»

ከዚያ በኋላ ቁጭ ማለት አልቻለችም። ውጤቱን የላክሁት ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ኮምፒውተሬም ሰባት ብሎ ጽፏል። ሰርቨሩ ይህን ከንጋቱ አንድ ሰዓት አድርጎ ወሰደው። ትዕዛዙ ሳይወጣ ውጤቱ መጣ ማለት ነው! «ይህማ ስሕተት ነው» ብሎ ማንም ከማያየው ማኅደር ወረወረው። ለማግስቱ ያሳደርኩት ውጤት ሁሉ በሰላም ሲደርስ፣ ተጣድፌ በዕለቱ ከስምንት ሰዓት በፊት የላክሁት ነው ሲጠፋ የከረመው። በትጋቴ ሰው ጎዳሁ ማለት ነው።

ትርሲት ማኅደሩን ከፈተችው። «አሥራ ሰባት! ጋሼ፣ አሥራ ሰባት ናቸው!» ጩኸቷን ሰምተው ከካርድ ክፍል ሳይቀር መጡ። ከአሥራ ሰባቱ ሦስቱ በሽታው አለባቸው። አንዷ ይርጋነሽ የምትባል፣ የአራት ወር ልጅ የምታጠባ እናት ናት።

ስልኩን አንሥቼ ብቸና ደወልኩ። ወይንእሸት ስሞቹን ጻፈችና ወዲያው ሰው ላከች። በማግስቱ ከምሳ በፊት ደወለች፤ «ሦስቱም መጥተዋል፤ ይርጋነሽ መድኃኒት ጀምራለች፤ ሕፃኑም ታይቷል፣ ደኅና ነው» አለች። ትርሲት ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «በስንት ሰዓት ጀመረች?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

አንድ ነገር ልናዘዝ። መስከረም ላይ የዚያ ኮምፒውተር ባትሪ ሞቶ ሰዓቱ ሲዛባ፣ የእጅ ሰዓቴን አይቼ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ጉዳዩ በታየበት ስብሰባ ላይ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ «ሰዓቱን የነካው ማነው?» ሲሉ አንገቴን ደፋሁ።

«ባትሪው ነው ያለቀው» አለች ትርሲት። «አሁን ሁሉም ኮምፒውተር ሰዓቱን ከሰርቨሩ እንዲወስድ አድርጌዋለሁ።»

«መዝገቡ ሰውየውን አይናገርም?»

«ስም አይጽፍም» አለች።

በዓመቱ ወደ ባሕር ዳር ተዛወረች። ከመሄዷ በፊት ሎግ ማንበብ አስተምራኝ ነበርና አንድ ቀን ሥራ ስፈታ የዚያን መስከረም መዝገብ ከፈትሁት። «ሰዓት ተቀየረ» ይላል። ከጎኑ ስሜ ከነአባቴ ስም ተጽፏል።

ደወልኩላት። «ትርሲትዬ፣ መዝገቡ ስም ይጽፋል እኮ!»

ሳቋን ለቀቀችው። «ጋሼ፣ በመጨረሻ ማንበብ ቻሉ ማለት ነው!»