ጊታሪስታችን የረገጠው ገመድ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ጥቅምት ስምንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ባለች ትንሽ አዳራሽ ውስጥ፣ የአማተር ሮክ ቡድናችን ጊታሪስት ሳምሶን የቤዝ ጊታሬን ገመድ ረግጦ ከድምፅ ማጉያው ነቀለው። መርገጡን ይቅር ብያለሁ። ይቅር ያላልኩት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው።

አንድ ጊታሪስት ብቻ ባለው ባንድ ውስጥ ቤዝ ተጫውተው ያውቃሉ? ካላወቁ ጤናዎን ይጠብቁ። ጊታሪስቶቹ ሁለት ቢሆኑ እርስ በርስ ይተራረሙ ነበር፤ ብቸኛው ግን ከቀረ ቡድኑ ስለሚፈርስ ማንም አይቆጣውም። ሲያረፍድ ፒያሳ ማኪያቶ እየደጋገምን እንጠብቀዋለን፤ ሲመጣ ደግሞ ይቅርታ የምንጠይቀው እኛ ነን።

ያን ቀን ተራው ደርሶ ብቻውን ሲጫወት ዓይኑን ጨፈነ፤ እንደጨፈነም ወደ እኔ መጥቶ ገመዱ ላይ ቆመ። ሦስት ጊዜ ጠራሁት፤ አልሰማም። እኔም ሰው እንዳይታዘበኝ፣ ድምፅ የሌላቸውን ክሮች እስከ ዘፈኑ ፍጻሜ በታላቅ ጥንቃቄ ስመታ ቆየሁ። ተመልካቹ አጨበጨበ።

ከመድረክ ስንወርድ ሳምሶን ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «እሙዬ፣ ዛሬ ቤዙ አንደኛ ነበር! ሁልጊዜ እንዲህ ብትጫወቺ እኮ የት በደረስን» አለኝ። ከበሮ መቺያችን ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ።

ሳምሶን፣ አራት ዓመት ከጎንህ ቆሜያለሁ። ለመጪው ልምምድ ቤዜን ይዤ መምጣት አለመምጣቴን የምወስነው በመልስህ ነውና እስከ ዓርብ በጽሑፍ አሳውቀኝ፦ መጥፋቴን አልሰማህም ነበር፣ ወይስ ሰምተህ ወደድከው?